ጊቤን መሻገር ቀላሉ ነበር

ከሀዲያና ከከምባታ ደጋ ወደ ምዕራብ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ከግርጌ የሚያገኘው ጊቤ አያቶቹ የሚያውቁት ጊቤ አይደለም። 243 ሜትር ከፍታ ያለው የጊቤ 3 ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ በገደል መካከል ሲያገሳ የኖረው ወንዝ ወደ 150 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሐይቅ ሆኗል። ውኃው ወደ ገባር ወንዞች ሸለቆ እየገባ ግራና ቀኝ ብዙ ክንዶች አውጥቷል። እንዲህ ያለ ውኃ የጉዞ አሳብ ይጠራል፤ በካያክ ወይም በሌላ ትንሽ ጀልባ ከክንድ ወደ ክንድ እየቀዘፉ፣ ዳር ላይ እያደሩ፣ ለቀናት መጓዝ ይቻል ይሆን? ጥያቄው ሲነሣ ወሬው ወዲያው ወደ ጀልባው ዓይነት፣ ወደ ነፋሱ፣ ወደ አዞና ጉማሬው ይሄዳል። የአካባቢው ታሪክ ግን ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። በዚህ አገር ረጅም ጉዞን በአመዛኙ ያሳካውም ያሰናከለውም የዳርቻው ባለቤት ነው፤ ውኃው ከእሱ ቀጥሎ ይመጣል። ስለዚህ ዕቅድ መጀመር ያለበት ማታ ማታ እግር ከሚያርፍበት መሬትና ከመሬቱ ሰው ነው። ለዚህ ዋናው ምስክር ከ400 ዓመት በፊት ይህንኑ ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ሊወርድ ታቅዶ የነበረ፣ ከምባታና አላባ ላይ ግን የተሰናከለ ጉዞ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1613 ነው። ኦቶማን ቱርኮች ምጽዋን በ1557 ከያዙ ወዲህ የቀይ ባሕር በር በእጃቸው ነበር። ከ1607 እስከ 1632 የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ ከፖርቱጋሎች ጋር ለመላላክ ሌላ በር ፈለጉ። የታሰበው መንገድ ከጎጃም ተነሥቶ ዓባይን ይሻገርና በእናርያ በኩል ወደ ደቡብ እየወረደ ማሊንዲ ላይ ከባሕር ይደርሳል። ለተልእኮው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የሆኑት አባ አንቶኒዮ ፈርናንዴስና የንጉሡ መልእክተኛ ፍቁረ እግዚእ ተመረጡ። አሳቡ ለሀዲያ ምድር ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። ከመቶ ዓመት በፊት ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላኩት ንግሥት እሌኒ የሀዲያ ገዥ ልጅ ነበሩ፤ ማቴዎስም በ1514 ሊዝበን ገብቷል። የ1613ቱ ዕቅድ ግን ድፍረት ቢኖረውም ባረጀ ወሬ ላይ የቆመ ነበር። ዛሬ ሆሳዕና ካለችበት እስከ ማሊንዲ በቀጥታ መስመር ብቻ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ፖርቱጋሎቹ ደግሞ የዚያ ባሕር ዳርቻ መቀመጫቸውን ከማሊንዲ ወደ ሞምባሳ ካዛወሩ ሃያ ዓመት ሆኗቸው ነበር።

የመጀመሪያው መሰናክል የገጠመው ጊቤ ላይ ከመድረሳቸው በፊት ነው። የእናርያው ገዥ ቤኔሮ እንግዶቹን በክብር ተቀበሏቸው፤ ስንቅና ስጦታም አልነፈጓቸውም። ነገር ግን በካፋ በኩል ወደ ደቡብ የሚወስደውን መንገድ ከለከሉ። ያ መንገድ አንዴ ከታወቀ ነገ በእሱ ማን እንደሚመጣ ማን ያውቃል? ስለዚህ መልእክተኞቹን ወደ ምሥራቅ፣ በየም በኩል ወደ ከምባታ መለሷቸው። ጉዞው ወደ ሀዲያና ከምባታ ምድር የገባው እንግዲህ ተመርጦ ሳይሆን ሌላው በር ስለተዘጋ ነው። ቤኔሮ ይህን ሲያደርጉ የንጉሡን ትእዛዝ ፊት ለፊት አልጣሱም፤ እሺ ብለው አቅጣጫውን ብቻ ቀየሩት። በዕቅዱ ላይ አንድ መሥመር የነበረው መንገድ የአንድ ገዥ ሥጋት ብቻ ወደ ሌላ አገር አዞረው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ወንዝ በእርግጥ አስፈሪ ነበር። ወደ የም ሲገቡ የተሻገሩት ከዐለት ወደ ዐለት በተጋደመ አንድ ረጅም ግንድ ላይ ነው። ከሥሩ ጥልቅ ገደል አለ፤ ግንዱም ከሰው እግር በታች ይወዛወዝ ስለነበር አንድ በአንድ ካልሆነ አያሻግርም። ከየም ወጥተው ወደ ከምባታ ሲያልፉ ደግሞ ጊቤ ላይ ድልድይ የሚባል ነገር አላገኙም። የአገሩ ሰው መላውን ያውቅ ነበር። ላም ታረደች፤ ቆዳዋም ዕቃ ተከቶበት እንደ አቁማዳ ታሰረና ትንፋሽ እስኪሞላ ተነፋ። ሁለት አጣና በግራና በቀኝ ታሰረለት፤ ተሻጋሪዎቹም አንዱ ወገን ከሌላው እንዳይከብድ ሚዛን ጠብቀው ከጎኑ ተያያዙ። አንድ ዋናተኛ ከፊት በገመድ ይጎትታል፤ ሌሎች ከኋላ ይገፋሉ። ሚዛኑ ከተዛባ ሰውም ጓዝም ይገለበጣል። ይህን ሁሉ የምናውቀው ማኑኤል ደ አልሜይዳ ከጻፉትና ባልታሳር ቴሌስ በ1660 ኮይምብራ ላይ ካሳተሙት የኢየሱሳውያን ታሪክ ነው። ከአደጋው ይልቅ ግን ልብ የሚባለው ማለፉ ነው። ወንዙ መፍትሔ ነበረው፤ መፍትሔውም ዳር ላይ በሚኖረው ሰው እጅ ነበር፤ ያ ሰው እሺ ሲል ጊቤ የአንድ ቀን ሥራ ሆነ።

ከምባታ ላይ ግን ላም ቢታረድ የሚያሻግር አልተገኘም። ሳንጋራ በተባለው ስፍራ የተቀበሏቸው ገዥ ሐመልማል ለንጉሡ የሚገብሩ ሰው ናቸው፤ እንግዶቹም የንጉሡን ደብዳቤ ይዘዋል። ሆኖም ከቤተ መንግሥት አካባቢ የጉዞው ተቃዋሚዎች የላኩት ሰው ቀድሞ ደረሰና፣ እነዚህ ሰዎች የፖርቱጋል ጦር አምጥተው የአገሩን ሃይማኖት ሊለውጡ ነው ብሎ ወሬ ነዛ። ሐመልማል ማሳለፍም መመለስም ፈሩ። መልእክተኛ ወደ ንጉሡ ተላከ፤ እስኪመለስም ተጠበቀ፤ ቀኑ ወደ ወር፣ ወሩም ወደ ወራት አደገ። በመጨረሻ ወደ አላባ ሲያልፉ የአላባው ሹም አሊኮ አሰሯቸው። ፈርናንዴስ በእስር ላይ እያሉ የያዟቸውን ደብዳቤዎች በስውር አቃጠሉ፤ ከሱስንዮስ ግዛት ውጭ ያ ወረቀት የማለፊያ ፈቃድ መሆኑ ቀርቶ የሞት ማስረጃ ሊሆን ይችል ነበር። በሕይወት ተለቀቁ፤ ነገር ግን ወደ መጡበት እንጂ ወደ ባሕር አልሄዱም። ሂሳቡ ሲሠራ ጊቤ የወሰደው አንድ ቀን፣ ዳርቻዎቹ የወሰዱት ወራት ነው፤ ጉዞውን የገደለውም ሁለተኛው ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ጥርጣሬ ይነሣል። ታሪኩን የጻፉት ራሳቸው ኢየሱሳውያን ናቸው፤ ያልተሳካ ተልእኮ የሚተርክ ሰው ደግሞ ጥፋቱን በተፈጥሮ ወይም በራሱ ዕቅድ ላይ ከመጣል በጠላት ሸር ላይ መጣል ይቀናዋል። እውነት ነው፤ ስለ አሊኮ ክፋትና ስለ ወሬ ነዢው ሰው የተጻፈውን ሁሉ በደፈናው መቀበል አያስፈልግም። ግን ክርክሩ የቆመው በሰዎቹ ክፋት ላይ አይደለም፤ እንዲያውም ምክንያታቸው ሲመረመር አስተዋይነት ይታይበታል። ቤኔሮ ያልታወቀ መንገድ መክፈትን ፈሩ፤ ሐመልማል በሁለት የቤተ መንግሥት ወገኖች መካከል እንዳይጨፈለቁ ጊዜ ገዙ፤ አሊኮ ባሕር ማዶ ጦር ጠሪ የተባለን ሰው ዝም ብለው ሊያሳልፉ አይችሉም ነበር። ሱስንዮስ ከጊዜ በኋላ የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው አገሩ በጦርነት ሲታመስ ሥጋቱ ከንቱ እንዳልነበረ ታየ። የወንዙ መሻገሪያ አተራረክ ደግሞ ማንንም ለመክሰስ የገባ አይደለም፤ ጸሐፊዎቹ ሳያስቡት ትተውልን የሄዱት ማስረጃ ስለሆነ ይበልጥ ይታመናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ተፈጥሮ ወሳኝ ካልነበረች የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ለምን ሁሉም ከወንዙ ራቁ? ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ አንጋጫና ሺንሺቾ የቆሙት ደጋው ላይ ነው፤ እንሰቱም ገበያውም እዚያው ነው። የጊቤ ቆላ የወባና የገንዲ ዝንብ አገር ነበር። ጣና ላይ በደንገል ታንኳ ከደሴት ደሴት መሻገር ጥንታዊ ልማድ ሲሆን፣ በዝዋይ ደሴቶች የሚኖሩት ዛዮችም ታንኳ ሲያውቁ፣ በጊቤ ላይ ግን ወንዙን ተከትሎ በጀልባ የመጓዝ ባህል አልዳበረም። እንዲያውም ወንዙ የት እንደሚደርስ እንኳ ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። አንቷን ዳባዲ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጊቤ የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ብሎ ሲሟገት ቻርልስ ቢክ ይቃወመው ነበር፤ ጊቤ ወደ ታች ሲወርድ የሚጠራበት ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ በቦታው የተረጋገጠው በ1896 በጣሊያኑ ቪቶሪዮ ቦቴጎ ጉዞ ነው። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ ሰው በራቀው ገደል ውስጥ ፏፏቴው፣ ጉማሬውና በሽታው ከማንም ሹም ይበልጥ እንደሚያስፈሩም መካድ አይቻልም።

ይሁን እንጂ ይህ ተቃውሞ እ.ኤ.አ. በ1973 የሆነውን ማስረዳት ይሳነዋል። በዚያ ዓመት ሪቻርድ ባንግስና ጓደኞቹ የሆኑ አሜሪካውያን ወጣቶች በአየር በተነፋ የጎማ ጀልባ ኦሞን ለብዙ ቀናት ተከትለው ወረዱ፤ ለድርጅታቸውም ሶቤክ የሚል የግብፃውያንን የአዞ አምላክ ስም አወጡለት። ወንዙ ያው ወንዝ ነበር፤ ፏፏቴውም፣ አዞውም፣ ጉማሬውም አልቀነሱም። መሣሪያው ተሻሽሏል፤ መሠረቱ ግን ትንፋሽ የተሞላ ቆዳ ከነበረው ከ1613ቱ ብዙ አልራቀም። በጣም የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ በብዙ ገዥዎች እጅ ተቆራርጦ የነበረው ዳርቻ በአንድ መንግሥት ሥር ገብቶ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ፈቃድ የሚሠራበት አገር ሆኗል። የቀድሞ ነጋዴዎችም የባለ ዳርቻውን ሥልጣን ያውቁት ነበር፤ የቅፍለት መንገድ ትርፍና ኪሳራ የሚሰላው በየኬላው በሚከፈለው ቀረጥና በየገዥው ዋስትና ነበር። ከወንዙ ማዶ በዳውሮ በንጉሥ ሀላላ ስም የሚጠራው ረጅም የድንጋይ ካብ ከኦሞና ከጎጀብ ወንዞች ትይዩ የተዘረጋ፣ መግቢያ በሮችም የነበሩት ነው። ወንዙ ብቻውን በቂ አጥር ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ድንጋይ መካብ ለምን አስፈለገ? ነጻ የሚመስለው ባሕር እንኳ ከዚህ ሕግ አላመለጠም፤ ፈርናንዴስ ማሊንዲ ደርሰው ቢሆን ኖሮ የሚያገኙት፣ ፖርቱጋሎች የማለፊያ ወረቀት ያልያዘን የነጋዴ መርከብ የሚይዙበትን ባሕር ነበር።

የቀረው ጥያቄ ይህ ሁሉ ዛሬ ምን ይፈይዳል የሚለው ነው። መንግሥት አንድ ነው፣ ኬላ የለም፣ አሊኮም የለም፤ ስለዚህ አሁን የሚያሳስበው ውኃው ብቻ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ሐይቁን ልብ ብሎ ያየ ግን እንዲህ አይልም። በመጀመሪያ ዳርቻው ራሱ ይንቀሳቀሳል፤ ግድቡ የተነደፈው የውኃው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ በ892 እና በ800 ሜትር መካከል እንዲወጣና እንዲወርድ ነው። በመስከረም ሲሞላ ጀልባ የሚጠጋበት ጥግ ውኃው ሲሸሽ ጭቃማ አቀበት ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ላይ ምን እንዳለ፣ ወደ መንደር የሚወጣው መንገድ የት እንደሆነ የሚያውቀው ከብቱን የሚያሰማራው ሰው ነው። ሁለተኛ፣ በሐይቁ ዙሪያ የሀዲያ፣ የከምባታ፣ የጠምባሮና የየም ወገን በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፣ ወላይታ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ዳውሮ በደቡብ ምዕራብ፣ የጅማ ወገን ደግሞ በኦሮሚያ ናቸው። ለቀናት የሚቀዝፍ ሰው በአንድ ውኃ ላይ ሆኖ አራት ክልል ይነካል። ሦስተኛ፣ ግድቡ ሲሞላ የሰጠመው የሰው ግጦሽና የሰው መሻገሪያ ነው፤ ያንን ያጣ ሰው በመዝናኛ ጀልባ የመጣን እንግዳ በምን ዓይን እንደሚያይ አስቀድሞ ያልጠየቀ የቤኔሮን ጥያቄ ረስቷል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጉዞ ዕቅድ ሲወጣለት የመጀመሪያው ገጽ የማረፊያዎች ዝርዝር መሆን ይገባዋል፤ በየምሽቱ የሚያርፉበት የማን ቀበሌ ነው፣ ማን ያውቃል፣ ማን ተስማምቷል፣ ውኃው በዚያ ወር የት ላይ ይሆናል። ቀጥሎ ከዳርቻው ሰዎች መሪና ቀዛፊ መቅጠር ይመጣል። ይህ እንግዳው የሚሰጠው ምጽዋት አይደለም፤ የ1613ቱን ጉዞ ጊቤን ያሻገረው እውቀት በሙሉ የእነሱ ነበር። የጀልባው ዓይነትና በቀን የሚቀዘፈው ርቀት ሦስተኛ ይመጣሉ። ለጉብኝት በዳውሮ በኩል ሀላላ ኬላ ላይ የተሠራው ማረፊያ አንዱን ዳር ከፍቷል፤ የሀዲያና የከምባታ ዳር ግን ገና ነው። ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የክልል መቀመጫ ስለሆነች ይህን ስምምነት ለመምራት ከማንም ይልቅ ትቀርባለች፤ መጀመሪያ መጠራት ያለባቸውም የሶሮና የጠምባሮ ቆላ ሰዎች ናቸው፤ የጀልባ ነጋዴው ከእነሱ በኋላ ይመጣል።