ከሕግ ያመለጡ ሦስት ግሶች

«በላ» በትእዛዝ «ብላ» ከሆነ፣ «መጣ» ደግሞ «ምጣ» መሆን ነበረበት። እኛ ግን «ና» እንላለን። ማንም ሰዋስው ሊያስተወን አልቻለም።

ላቲንም እንዲሁ ነበር። «ነኝ» ለማለት «ሱም»፣ «ነበርኩ» ለማለት «ፉኢ»፤ ሁለቱ በሥር አይገናኙም። ከላቲን የተወለደው ፈረንሳይኛ «መሄድ»ን ከሦስት የተለያዩ ሥሮች ያረባል።

ይህን «ጉድለት» ለማረም የተነሱ ነበሩ። ዛመንሆፍ እ.ኤ.አ. በ1887 ኤስፔራንቶን ሲያወጣ ከሕግ የወጣ አንድም ግስ አላስገባም። ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ጁሴፔ ፒያኖ ከዚያ አልፎ ሄደ። በ1903 ያሳተመውን ጽሑፍ በጥንታዊው ላቲን ጀምሮ፣ እርባታውን ደረጃ በደረጃ እየጣለ፣ በአዲሱ «እርባታ አልባ ላቲን» ጨረሰው። ግሱ በሰውም ሆነ በጊዜ መርባቱን ተወ።

በ1924 ኒውዮርክ ውስጥ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የረዳት ቋንቋ ማኅበር ግን ሌላ መንገድ ያዘ። አሌክሳንደር ጎዴ የመራው ሥራ በ1951 ኢንተርሊንጓን አስገኘ። መለኪያው የሊቃውንት ሕግ ሳይሆን ሕያዋን ቋንቋዎች የሚጋሩት ነበር። ስለዚህ ሦስት ግሶች ከሕጉ ወጡ፦ «ኤስ» (ነው)፣ «ሃ» (አለው)፣ «ቫ» (ይሄዳል)። በሕጉ መሠረት «ቫዴ» መባል ነበረበት፤ ነገር ግን ፈረንሳዩም፣ ጣሊያኑም፣ ስፔኑም «ቫ» ነው የሚለው።

ሦስቱ መሆን፣ መኖር፣ መሄድ መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም። አልፎ አልፎ የምንጠቀምበት ግስ መልኩ ይረሳና ወደ ሕጉ ይመለሳል። በየደቂቃው ከአፍ የሚወጣውን ግን ሕጻን ሕጉን ሳያውቅ ይይዘዋል።

ታዲያ ቀላሉ አሸነፈ? የፒያኖ ቋንቋ ከሁሉም ቀላል ነበር፤ በ1932 እሱ ሲሞት ግን ተከታዮቹ እየተመናመኑ ሄዱ። ኤስፔራንቶም ሕጉ የጠራ ነው፤ እሱ ግን ዛሬም አለ። ልዩነቱ ግሱ ላይ አይደለም። የኤስፔራንቶ ሰዎች ከ1905 ጀምሮ ጉባኤ ይጠራሉ፣ ይጻጻፋሉ፣ ይጋባሉ፤ ልጆቻቸውን በቋንቋው ያሳደጉም አሉ።

ስለ ቋንቋ ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንጣላው ስለ ሆሄና ስለ ሕግ ነው። የትኛውም ቋንቋ ግን በሕጉ ጥራት ብቻ አልዳነም፤ በግሱ ማፈንገጥም አልሞተም። ልጁን «ና» ብሎ የሚጠራበት ሰው ያጣ ቀን ነው የሚሞተው።