ንጉሡን የገሠጹት መነኮሳትና የካህን ንጽሕና

ስለ ካህን ንጽሕና ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው የሥጋን ንጽሕና ነው። ይህ ከሥርዓቱ የመጣ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅስና የሚታጨው ዲያቆን ወይ ይመነኩሳል፣ ወይ በተክሊልና በቁርባን አንዲት ሚስት ያገባል። ሚስቱ ሞታ ሌላ ካገባ ክህነቱ ይፈርሳል። ለመቀደስ የሚገባውም ጾሞ፣ ከመኝታ ተለይቶ ነው። ምእመኑ «ቄሱ ንጹሕ ናቸው ወይ?» ሲል ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ የሸዋና የአማራ መነኮሳት ግን ሌላ ጥያቄ ጨመሩበት፤ እጁስ ንጹሕ ነው?

ጊዜው የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ነው (እ.ኤ.አ. 1314–1344)። ንጉሡ ግዛታቸውን እጅግ ያሰፉ ጦረኛ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1332 በይፋቱ ገዥ በሰብረዲን ላይ ያደረጉትን ዘመቻ የሚተርከው ዜና መዋዕል የክርስትና ጠበቃ አድርጎ ያወድሳቸዋል። የመነኮሳቱ ገድላት ግን ሌላ መልካቸውን ያሳያሉ።

የደብረ ጎሉ አባ በጸሎተ ሚካኤል ነቀፋ ቤተ መንግሥቱን ብቻ የሚነካ አልነበረም። ጳጳሱን አቡነ ዮሐንስን «ክህነትን በዋጋ ይሰጣሉ» ብለው ከሰሱ። ይህ በሐዋርያት ዘመን የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ የሞከረው የሲሞን መሠርይ ኃጢአት ነው። ክህነትን የገዛ ካህን ያወጣውን ለመመለስ እርሱም መሸጡ አይቀርም። አባ በጸሎተ ሚካኤል የተግሣጻቸውን ዋጋ በስደት ከፈሉ።

ቀጥሎ ጉዳዩ ወደ ንጉሡ ትዳር ዞረ። ንጉሡ የአባታቸውን ሚስት አግብተዋል፣ ከአንድ በላይ ሚስቶችም አሏቸው ተባለ። አባ አኖሬዎስ ፊት ለፊት ገሠጿቸው፤ ተገረፉም። ከደማቸው እሳት ወጥቶ የንጉሡን ከተማ አቃጠለ ይላል ትውፊቱ። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ደግሞ እሳቱን የለኮሱት ራሳቸው መነኮሳቱ ናቸው አሉ። ተአምርም ይባል ቃጠሎ፣ ውጤቱ አንድ ሆነ፤ መነኮሳቱ ደንቢያን ወደመሳሰሉ ሩቅ አገሮች ተበተኑ።

በንጉሡ ዙሪያ ሌሎች ካህናት አልጠፉም። ካህናተ ደብተራ የሚባሉት የቤተ መንግሥት አገልጋዮች ነበሩ። መነኮሳቱ በእነርሱ ላይ ያቀረቡት ክስ ዝምታቸው ነው። ኑሯቸው ከንጉሡ ማዕድ ነውና ማንን ይገሥጹ?

እ.ኤ.አ. በ1337 የመጡት ጳጳስ አቡነ ያዕቆብ ወገናቸውን ለዩ። ኋላ ደብረ ሊባኖስ ከተባለው ከደብረ አስቦ አበምኔት ከአባ ፊልጶስ ጋር ሆነው በትዳሩ ጉዳይ ከነገሥታቱ ጋር ተጋፈጡ። ተተኪው ዐፄ ሰይፈ አርዕድ በአንዲት ሚስት እጸናለሁ ብለው ቃል ገቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ግን ሦስት አገቡ። ጳጳሱ ወደ ግብፅ ተመለሱ፤ ፊልጶስም በስደት አረፉ።

በዚህ ትግል መነኮሳቱ ንጉሡን አላሸነፉም። የነገሥታቱ ብዙ ሚስት የማግባት ልማድም ከእነርሱ በኋላ ቀጠለ። ያሳዩት ግን አንድ ነገር አለ፤ የተግሣጽ ኃይል ካለመቀበል ይመጣል። ከንጉሡ ርስትም ሹመትም ያልለመነ ሰው ንጉሡ የሚነጥቀው ጥቂት ነው፤ ሰውነቱን ሊገርፉት፣ አገሩን ሊያስለቅቁት ይችላሉ፣ ዝም ሊያሰኙት ግን ይቸገራሉ።

ጊዜ አልፎ ነገሩ ተለወጠ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ለደብረ ሊባኖስ ብዙ መሬት ሰጡ። በጎንደር ዘመን የደብረ ሊባኖሱ አለቃ፣ ዕጨጌው፣ መቀመጫቸው በንጉሡ ከተማ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ብዙ አተረፈች፤ መሬቱ ትምህርት ቤቱንና ድኃውን መግቧል። በዚያው ልክ የምታጣው ነገር በረከተ፤ የሚያጣው የበዛ ደግሞ ለመናገር ያመነታል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የተነገረው ለዓለማዊ ሹመት ነው። ወደ ቤተ መቅደስ የገባ ዕለት ጾሙም ሥርዓቱም ሳይጓደል፣ የሥጋው ንጽሕና ተጠብቆ እንዳለ፣ ካህኑ የሚገሥጽበት አፍ ያጣል። የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መነኮሳት የተገረፉት ይህ እንዳይሆን ነበር።