የደመወዝ ሒሳብና ኮምፒዩተር፦ ከአንድ አነስተኛ ድርጅት ዕድገት የሚገኝ ትምህርት

የኮምፒዩተር ታሪክ ሲጻፍ በአብዛኛው የሚወሱት መሣሪያውን የፈለሰፉት ሰዎችና ታላላቅ ድርጅቶች ናቸው። ይሁን እንጂ መሣሪያው ለአነስተኛ የሒሳብ ሥራ ድርጅት ምን እንዳስገኘ መመርመር ለንግድ ትምህርት መምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ይበልጥ ይጠቅማል። በአሜሪካ፣ በኒው ጀርዚ ክፍለ ግዛት፣ በፓተርሰን ከተማ የተቋቋመ አንድ ድርጅት ታሪክ ለዚህ ጥሩ አስረጂ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሒሳብ ባለሙያው ሄንሪ ታውብ «አውቶማቲክ ፔይሮልስ» የተባለውን ድርጅት በ1949 ሲመሠርት ገና ወጣት ነበር። ሐሳቡ የመነጨውም በአንድ ኩባንያ የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ በመታመሙ ደመወዝ በወቅቱ ሳይከፈል መቅረቱንና ያስከተለውን ቅሬታ ከተመለከተ በኋላ እንደ ሆነ ይነገራል። ችግሩ ግን የአንድ ኩባንያ ብቻ አልነበረም። በ1937 የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ መሰብሰብ ጀመረ፤ በ1938 የትርፍ ሰዓት ክፍያ በሕግ ተደነገገ፤ በ1943 ደግሞ የገቢ ግብር ከደመወዝ ላይ እንዲቀነስ ተደረገ። በዚህም ምክንያት የእያንዳንዱ ሠራተኛ ደመወዝ ብዙ ስሌት የሚጠይቅ ሆነ፤ ለአነስተኛ አሠሪም ከባድ ሸክም ነበር።

የድርጅቱ ሥራ በመጀመሪያ በሰው እጅና በሒሳብ መኪና ይከናወን ነበር። ስለሆነም ደንበኛ በጨመረ ቁጥር ጸሐፊ መጨመር ግድ ነበር፤ ገቢው ሲያድግ ወጪውም እግር በእግር ይከተለው ነበር። በኋላ ግን ቀዳዳ ባላቸው ካርዶች የሚሠሩ መሣሪያዎች፣ ቀጥሎም ኮምፒዩተር ሥራ ላይ ዋሉ፤ ስሙም «አውቶማቲክ ዳታ ፕሮሰሲንግ» ተባለ። በ1961 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ 300 ደንበኞች፣ 125 ሠራተኞችና 400,000 ዶላር ያህል ዓመታዊ ገቢ ነበረው። በ1985 ገቢው 1 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ።

ለዚህ ዕድገት ሁለት ምክንያቶችን መጥቀስ ይቻላል። አንደኛው የወጪ መከፋፈል ነው። በ1959 የቀረበው አይ.ቢ.ኤም. 1401 ኮምፒዩተር የወር ኪራዩ ከ2,500 ዶላር የሚጀምር ስለነበረ ለአንድ ሱቅ ወይም ለአነስተኛ ፋብሪካ የሚታሰብ አልነበረም፤ በመቶ የሚቆጠሩ ደንበኞች ሲጋሩት ግን ለእያንዳንዱ ቀላል ይሆናል። ሁለተኛው የሥራው ጠባይ ነው። የደመወዝ ሒሳብ ቋሚ ደንብ፣ ቋሚ ቅጽና ቋሚ ቀን ያለው በመሆኑ ለመሣሪያው የተመቸ ነበር። መሣሪያው ሥርዓት ያለውን ሥራ ያፋጥናል እንጂ ሥርዓት የሌለውን አያቀናም፤ የተሳሳተ መዝገብ ቢሰጡትም ስሕተቱን በፍጥነት ከማብዛት በቀር የሚፈይደው የለም።

በ1979 ቪዚካልክ የተባለው የሠንጠረዥ ስሌት ፕሮግራም ለአፕል 2 ኮምፒዩተር ከቀረበ ወዲህ፣ ቀድሞ በጋራ እንጂ በግል የማይደረስበት አገልግሎት ወደ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ጠረጴዛ መጣ። የዋጋው ችግር ተቃለለ፤ የሥርዓቱ ጉዳይ ግን እንደ ነበረ ቆየ።

እንግዲህ ለትምህርት ቤቶቻችን የሚተርፈው ቁም ነገር ይህ ነው። ተማሪው የመሣሪያውን ቁልፍ ከመጫኑ በፊት ተቀናሹ ከየት እንደ መጣ፣ ድምሩ ለምን እንደሚመሳከር ጠንቅቆ ሊያውቅ ይገባዋል። ከእያንዳንዱ አኃዝ ጀርባ ደመወዙን የሚጠብቅ ሠራተኛ መኖሩ ሊዘነጋ አይገባምና።