ለአሠልጣኝ ስንት ጊዜ ይሰጠዋል?

በላስታ ተራሮች ላይ ለጥ ያለ ሜዳ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ከአቡነ ዮሴፍ ግርጌ እስከ ላሊበላ ከተማ ዳርቻ ያለው አገር ገደልና ሸንተረር የበዛበት በመሆኑ፣ አዝመራ ከተነሣ በኋላ የሚገኘው ጥቂት ደልዳላ ቦታ ለወጣቶች እንደ ትልቅ ሀብት ይቆጠራል። በታኅሣሥ መጨረሻ የገና ጨዋታ የሚካሄደው በእንዲህ ያለው ስፍራ ነው። ጨዋታው ቆልማማ ዱላና ሩር እንጂ አሠልጣኝ የለውም። መንደር ከመንደር ተከፍሎ ይጋጠማል፤ የተሸነፈው ወገን በግጥም ይወረፋል፤ ባለጸጋውም ሆነ ሹሙ በጨዋታው መካከል ለሚደርስበት ምትና ዘለፋ እንዳይቆጣ ልማዱ ያስገድደዋል። በዓሉ ሲያልፍ ዘለፋውም አብሮ ያልፋል።

እግር ኳስ ወደ አገራችን ሲገባ ግን አንድ ተጨማሪ ሰው ይዞ መጣ። ይኸውም ከመሥመሩ ውጭ ቆሞ፣ ኳስ ሳይነካ፣ ለተነካው ሁሉ የሚጠየቀው አሠልጣኝ ነው። በገና ጨዋታ ሽንፈት የመንደሩ ሁሉ ነበረ፤ በእግር ኳስ ሽንፈት አንድ ባለቤት አገኘ። ደጋፊው ለዚህ ሰው ምን ያህል ጊዜ ሊታገሠው ይገባል የሚለው ጥያቄ የተወለደው ከዚህ ላይ ነው። መልሱን ከስሜት ይልቅ በኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ታሪክ ውስጥ መፈለግ ይሻላል።

የአፍሪካ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲካሄድ፣ ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ምክንያት ከውድድሩ ስለተገለለች ኢትዮጵያ ያለ ግጥሚያ ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ግብ ያስቆጠረው አንድ ሰው፣ አድ ዲባ ነበር። በግንቦት 1951 ዓ.ም. በካይሮ በተካሄደው ሁለተኛ ውድድር ቡድናችን እንደገና ለግብፅ 4 ለ 0፣ ለሱዳን ደግሞ 1 ለ 0 ተረትቶ ተመለሰ። ከሦስት ተወዳዳሪዎች ሦስተኛ መሆኑ ነው። በዛሬው ደጋፊ አስተያየት ቢመዘን፣ በሁለት ውድድር ዘጠኝ ግብ ገብቶበት አንድም ሳያስቆጥር የተመለሰ ቡድን ከነመሪዎቹ መበተን በተገባው ነበር።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግን ያው ቡድን በአዲስ አበባ ስታዲየም ከዚያችው ግብፅ ጋር ለፍጻሜ ቀረበ። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፎ ነበር። ግብፅ ሁለት ጊዜ ቀድማ ስታገባ፣ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አቻ አደረገች፤ ሁለተኛውን የአቻ ግብ ያስቆጠረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት የአምበሉ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ አክለው ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ፤ ሉቺያኖም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ ይህን ዋንጫ አላገኘችም።

ቡድኑን የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እኚህ ሰው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ብዙ ዓመት የተጫወቱ፣ በፌዴሬሽኑ አመራር ውስጥ የነበሩ፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ ነሐሴ 1979 ዓ.ም. ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት የመሩ ናቸው። በእነዚያ ዓመታት በአሠልጣኝነት ወንበር ላይ የውጭ አገር ሰዎችም ተቀምጠዋል፤ ስለሆነም አንድ አሠልጣኝ አምስት ዓመት ያለ ማቋረጥ ታገሡት ማለት አይቻልም። የተታገሡት ሥራውን ነው። ዳገቱም ድርሻ እንደነበረው መካድ አይገባም፤ ከቆላ መጥቶ አሸተን ማርያምን የወጣ እንግዳ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ላስቴ፣ የግብፅ ተጫዋቾች በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ በተጨማሪው ሰዓት ምን እንደገጠማቸው ለመገመት አያዳግተውም።

ከዚህም ሌላ የዚያ ዘመን ደጋፊ ትዕግሥት በከፊል የሚመነጨው ከአለማየት ነበር። ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ የካርቱምንና የካይሮን ሽንፈት በዓይኑ ያየ ኢትዮጵያዊ እጅግ ጥቂት ነው። ዛሬ ግን የላሊበላ ወጣት በዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የአውሮፓን ሊግ በየሳምንቱ ይመለከታል፤ በዚያም በጥቂት ሳምንታት ሽንፈት አሠልጣኝ ሲባረር ያያል፤ ያንኑ መለኪያ ወደ አገሩ ቡድን ያመጣል። ይሁን እንጂ ከዚያው ከአውሮፓ፣ አሌክስ ፈርጉሰን በ1979 ዓ.ም. ማንቸስተር ዩናይትድን ከያዙ በኋላ የመጀመሪያውን ዋንጫ እስኪያነሡ ከሦስት ዓመት በላይ መቆየታቸውን የሚያስታውስ ብዙ አይደለም።

ከ1954 ዓ.ም. በኋላ ያለው ታሪክ የቁልቁለት ነው። በ1960 ዓ.ም. ውድድሩ በአዲስ አበባና በአሥመራ ሲደረግ ኢትዮጵያ አራተኛ ወጣች፤ በ1968 ዓ.ም. በገዛ አገሯ ከምድቧ ማለፍ አልቻለችም። በ1974 ዓ.ም. የቀድሞው ግብ አግቢ መንግሥቱ ወርቁ በአሠልጣኝነት ይዘውት ወደ ሊቢያ የሄዱት ቡድን አንድም ግብ ሳያስቆጥር ተመለሰ። ከዚያም የሠላሳ አንድ ዓመት ዝምታ ሆነ።

ዝምታውን የሰበሩት አቶ ሰውነት ቢሻው ናቸው። ከእርሳቸው በፊት ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ኢፊ ኦኑራና ቶም ሴንትፊት የተባሉ ሁለት የውጭ አሠልጣኞች መጥተው ሄደዋል። አቶ ሰውነት በ2004 ዓ.ም. ሥራውን ተረክበው ቤኒንን ከሜዳዋ ውጭ ባስቆጠሩት ግብ አለፉ፤ በጳጉሜን በኦምዱርማን በሱዳን 5 ለ 3 ተሸነፉ። በዚያች ምሽት ሕዝብ ድምፅ እንዲሰጥ ቢጠየቅ ኖሮ ውጤቱ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ነገር ግን ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ ባስቆጠሯቸው ግቦች 2 ለ 0 አሸነፉ፤ ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ በውጭ ሜዳ በገቡት ሦስት ግቦች ኢትዮጵያ አለፈች።

በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው ግጥሚያ የዋለው ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው፤ የ1954ቱ ፍጻሜ በዋለበት ቀን፣ ልክ በ51 ዓመቱ። የጥምቀት ታቦታት ወደ መንበራቸው በተመለሱ ማግሥት የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር፣ በረኛው በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ 1 ለ 1 መውጣት ትልቅ ውጤት ነበር። በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 መሸነፍ ግን ተከተለ። ያው ቡድን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን በአዲስ አበባ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በካርድ የታገደ ተጫዋች በቦትስዋና ላይ በማሰለፉ ሦስት ነጥብ ቢቀነስበትም ምድቡን መርቶ ከመጨረሻዎቹ አሥር የአፍሪካ ቡድኖች አንዱ ሆነ። በናይጄሪያ በሁለቱም ግጥሚያ ተሸንፎ ከብራዚል ቀረ። በጥር 2006 ዓ.ም. በአገር ውስጥ ተጫዋቾች ሻምፒዮና ሦስቱንም ግጥሚያ ያለ ግብ ሲሸነፍ አቶ ሰውነት ተሰናበቱ። የሥራ ዘመናቸው ከሁለት ዓመት ብዙ አይበልጥም ነበር።

ተተኪው ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ አንድ ዓመት ያህል ቆዩ። አቶ ዮሐንስ ሣህሌም በመጋቢት 2008 ዓ.ም. በአልጄሪያ 7 ለ 1 ከተሸነፉ በኋላ ብዙ አልሰነበቱም። የሚያስገርመው፣ ከዚያ ሽንፈት በኋላ በቀናት ውስጥ በአዲስ አበባ ከዚያችው አልጄሪያ ጋር 3 ለ 3 ወጥተው ነበር። ሰባቱ ግብ ሲታወስ ሦስቱ ተረሳ።

የክለብ አሠልጣኝ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው፤ ደጋፊውም ቢቸኩል በከፊል እውነት አለው። የሰሜን ወሎው የወልድያ ቡድን በ2007 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ወጥቶ በዚያው ዓመት ወረደ፤ በ2009 ዓ.ም. ተመልሶ፣ በዚያው ዓመት በጥር በተመረቀው በታላቁ ስታዲየሙ እየተጫወተ፣ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ እንደገና ወረደ። የሚወርድ ክለብ የሚያጣው ጊዜ በዓመት ስለሚቆጠር፣ ደጋፊው በየሳምንቱ ቢሰጋ አይፈረድበትም። በሌላ በኩል የክለብ አሠልጣኝ ተጫዋቾቹን በየዕለቱ ያገኛል። የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ከየክለቡ የሚሰበስባቸውን ሰዎች ከግጥሚያ በፊት የሚያገኛቸው ለቀናት ነው። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ሰው ቀን ሲፈለፍል፣ ሌሊት መላእክት ያግዙት እንደነበር በላስታ ይተረካል፤ ለዚህ አሠልጣኝ ግን የሌሊት ረዳት የለውም። ስለዚህ ትዕግሥቱ በወራት ሳይሆን በግጥሚያ ቢቆጠር ይበጃል፤ አንድ ሙሉ የማጣሪያ ውድድር ሳያጠናቅቅ አሠልጣኝን መፍረድ ያልበሰለ እንጀራ ከምጣድ እንደ ማውጣት ነው።

ሴኔጋል አሊው ሲሴን በ2007 ዓ.ም. ሾመች፤ በ2010 ዓ.ም. ከዓለም ዋንጫ ምድብ በቢጫ ካርድ ብዛት ሲወድቁ አላሰናበተቻቸውም፤ በ2011 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ፍጻሜ ሲሸነፉም አቆየቻቸው። በጥር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ካሜሩን ላይ ግብፅን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈው የአገሪቱን የመጀመሪያ ዋንጫ አመጡ።

በዚያው ውድድር ኢትዮጵያም ነበረች። አቶ ውበቱ አባተ ቡድኑን በመስከረም 2013 ዓ.ም. ተረክበው፣ በስድስት ወር ውስጥ ለዋንጫው አብቅተውት ነበር። ላሊበላና አካባቢዋ ከጦርነቱ ገና በወጡበት ሰሞን፣ ገና በተከበረ በሁለተኛው ቀን፣ ቡድኑ በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከዚያ በካሜሩን 4 ለ 1 ተሸንፎ፣ ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ወጥቶ ተመለሰ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ የፍጻሜ ተጫዋች የነበረችውን ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። ግጥሚያው የኢትዮጵያ የሜዳዋ ግጥሚያ ቢሆንም፣ የአገሪቱ ስታዲየሞች የተጠየቀውን ደረጃ ባለማሟላታቸው የተካሄደው በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ነበር። ከ1954 ዓ.ም. ጋር ሊነጻጸር የሚችለውን ድል የላስታም የአዲስ አበባም ደጋፊ በሜዳ ተገኝቶ አላየውም። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ሞሮኮ ላይ ቡድኑ በጊኒ ሁለት ጊዜ ተሸነፈ፤ በሚያዝያም አቶ ውበቱ ሥራቸውን ለቀቁ። ከሊሎንግዌው ምሽት የተቆጠረው አሥር ወር ነው።