ከሕያው ርግብ እስከ ሸክላ ዒላማ

በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝና በአሜሪካ የተኩስ ውድድር ይደረግ የነበረው ከሣጥን በሚለቀቁ ሕያዋን ርግቦች ላይ ነበር። የተመታች ርግብ ላባዋ ተበትኖ ስለምትወድቅ ዳኛውም ተመልካቹም ውጤቱን ወዲያው ያያሉ። ስለዚህ ለርግብ ምትክ ለማግኘት የተነሡ ሰዎች አንድ ጥያቄ መመለስ ነበረባቸው፤ ይኸውም ሕይወት የሌለው ዒላማ መመታቱ በምን ይታወቃል? የሚል ነው።

በመጀመሪያ የተስፋፋው ምትክ የብርጭቆ ኳስ ነው። አሜሪካዊው ተኳሽ አዳም ቦጋርደስ የእርሳሱ ፍሬ እንዳያንሸራትት ገጹ ሻካራ በሆነ ኳስ ይጠቀም ነበር። በአንዳንዱ ኳስ ውስጥም ላባ ይሞላ ስለነበር፣ ኳሱ ሲሰበር ላባው በአየር ላይ ይበተናል። ነገር ግን የብርጭቆው ስባሪ ሜዳውን አበላሸ፤ የኳሱም አካሄድ የወፍን በረራ አይመስልም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1880 የሲንሲናቲው ጆርጅ ሊጎውስኪ እንደ ሳሕን ጠፍጣፋ ለሆነ የሸክላ ዒላማ የፈጠራ መብት አገኘ። በረራው ቢያምርም በእሳት የጠነከረው ሸክላ ተመትቶ ሳይሰበር የሚያልፍበት ጊዜ ስለነበር ፍርዱ ያከራክር ነበር። በኋላ ዝፍትና የኖራ ድንጋይ ዱቄት ሸክላውን ተኩት፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

በብሪታንያ ከወጥመድ በሚለቀቁ ወፎች ላይ መተኮስ በ1921 በሕግ ተከለከለ። የዛሬው የኦሊምፒክ ዒላማ ስፋቱ 110 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 105 ግራም ያህል ሲሆን፣ ቀለሙ ከሜዳው ገጽታ ተለይቶ እንዲታይ ሆኖ ይመረጣል። በፍጻሜ ውድድሮችም በውስጡ ባለቀለም ዱቄት ሲጨመርበት ታይቷል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ወፏን ለማዳን ርኅራኄ ብቻውን እንዳልበቃ ነው። የላባውን ምስክርነት የሚሰጥ ሌላ ነገር መገኘት ነበረበት።