ቆርቆሮዋን ሸጥኳት

ኦክላንድ ውስጥ፣ ሜሪት ሐይቅ ዳር፣ ጎበጥ ብሎ የቆመ ባለ 28 ፎቅ ሕንፃ አለ። ካይዘር ሴንተር ይባላል። በ1960 ተሠርቶ ሲያልቅ (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፊቱ የተለበጠው በባለቤቱ በራሱ ምርት፣ በአሉሚኒየም ነበር። ሄንሪ ካይዘር ኦክላንድን መናገሻው ያደረገ ባለሀብት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከኦክላንድ በስተሰሜን፣ ሪችመንድ ላይ በነበሩት የመርከብ መሥሪያዎቹ 747 መርከቦች ተሠርተዋል። እኔ የምኖርባት ሳን ሆዜ አጠገብ፣ ከኩፐርቲኖ በላይ ባለው ተራራ ደግሞ የሲሚንቶ ፋብሪካ ነበረው። ጦርነቱ ሲያበቃ መንግሥት ለአውሮፕላን ሲል አሠርቷቸው ሥራ የፈቱትን የአሉሚኒየም ፋብሪካዎች በ1946 ተከራይቶ ንግዱ ውስጥ ገባ። የኋላ ኋላ የጋናው ትልቅ የአሉሚኒየም ማቅለጫ፣ ቴማ ላይ ያለው፣ አብዛኛው ድርሻ የዚሁ የኦክላንድ ኩባንያ ነበር።

ለዓመታት ዓሣ ያጠመድኩባት ጀልባም የተሠራችው ከዚሁ ከአሉሚኒየም ነው። እኛ ሐበሾቹ አጥማጆች «ቆርቆሮ» እንላታለን። ባለፈው ፀደይ ሸጥኳትና በፋይበርግላስ ቀየርኳት። ከዚያ ወዲህ ይህ የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ውሃ ስንት ዓይነት ጀልባ እንዳሳለፈ ስከታተል አንድ ነገር ጎልቶ ታየኝ። ጀልባው ከምን ይሠራ የሚለውን የወሰነው ብዙ ጊዜ አጥማጁ አልነበረም። የብስ ላይ የበቀለው፣ የረከሰው፣ ከጦርነት የተረፈው ነው ተራ በተራ ጀልባ እየሆነ ወደ ውሃው የወረደው።

መጀመሪያ የነበረው ሣር ነው። አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት ከባሕረ ሰላጤው ባለቤቶች መሐል ኦሎኒዎች ነበሩ። ቱሌ የሚባለውን የረግረግ ሣር አጭደው፣ አድርቀው፣ በነዶ በነዶ አስረው ጀልባ ይሠሩ ነበር። በ1816 ከሩሲያ መርከብ ጋር የመጣው ሠዓሊ ሉዊ ኮሪስ ይህችን ጀልባ ስሏታል። ሰዎቹ ነዶው ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ ግራና ቀኝ ይቀዝፋሉ። ሥዕሉን ሳየው ደነገጥኩ። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ይህ የጣና ታንኳ ነው! ቱሌና የእኛው ደንገል በዕፅዋት ሊቃውንት አመዳደብ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች መሆናቸውንም ኋላ ላይ ተረዳሁ። ረግረጉ ዛሬም አለ፤ በሳን ሆዜ ሰሜን ጫፍ አልቪሶ ላይ ጨው ሲመረትበት የኖረው ኩሬ ወደ ረግረግነቱ እየተመለሰ ነው።

ስለ ታንኳ ትንሽ ልበል፤ ነገሩ ያገባኛል። ታንኳ የወይጦዎች ጥበብ ነው። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከዚያ ነዶው ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ይላል። የዘጌ ሰው ማገዶውንና ቡናውን ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ የሚገባው በእርሱ ነበር። ከውሃ ሲወጣ ዳር ላይ ቆሞ ካልደረቀ ይከብዳል፤ ቢደርቅም ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ሲያረጅ ፈትተው ይተዉታል፤ አፈር ይሆናል። አሳሹ ቶር ሄየርዳል በ1969 ራ የተባለችውን ጀልባ ሠርቶ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሣ ደንገሉን ያስቆረጠው ከጣና ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ኋላ ቀር ብሎ መናቅ አይገባም። የእኛ ሐይቅ ትልቁ ለውጥ በ1986 መጣ። ከሆላንድ የመጣ ድርጅት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ሆኖ ባለሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለአጥማጆች አስገባ። ሰው ሠርቶ በላ፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሞተር ያለው ጀልባ ዓሣው ለመራባት ወደ ወንዝ አፍ የሚሰበሰብበት ቦታ ድረስ ይደርሳል፤ ከዓለም ላይ ጣና ብቻ የሚገኙት የላቤዮባርበስ ዝርያዎች በ1990ዎቹ ክፉኛ ተመናመኑ።

ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ውሃ ልመለስ። ከሣሩ ቀጥሎ የመጣው እንጨት ነው፤ ያመጡትም ስደተኞች ናቸው። ከቻይና፣ ከካንቶን ወገን የመጡት አጥማጆች ሽሪምፕ ይይዙ ነበር። ሳን ራፋኤል አጠገብ ቻይና ካምፕ በሚባለው ዳርቻ በ1880ዎቹ አምስት መቶ የሚጠጋ ሰው ይኖር ነበር። ጀልባቸው ቅርጹ የአገራቸው የሸራ ጀልባ፣ ጃንክ ነው፤ ጣውላው ግን የካሊፎርኒያ ሬድዉድ። ከረጢት የሚመስል መረባቸውን በውሃው ፍሰት መንገድ ላይ ይተክሉታል፤ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ራሱ ሽሪምፑን ይነዳላቸዋል። የያዙትን ኮረብታው ላይ ያሰጡታል፤ አብዛኛው ደርቆ ወደ ቻይና ይጫናል። ሕጉ ግን አልተዋቸውም። ገና በ1860 የካሊፎርኒያ ምክር ቤት በቻይናውያን አጥማጆች ላይ ብቻ በወር 4 ዶላር ግብር ጥሎ ነበር። በ1911 ደግሞ የከረጢት መረቡ ራሱ ተከለከለ፤ የአጥማጆቹ መንደሮችም አብዛኞቹ ተፈቱ። በ2003 የሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ታሪክ ፓርክ ከእነዚያ ጃንኮች አንዱን ለማስታወስ ግሬስ ኳንን አሠራ። ይህን ውሃ የሚያጠምድ ሐበሻ ሁሉ ሄዶ ቢያያት እወዳለሁ፤ ከእኛ በፊት የመጣው ስደተኛ በምን እንደኖረ ታሳያለችና።

ጣሊያኖቹ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ፈሉካቸውን ይዘው መጡ፤ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ቅርጿን አሻሽለው ቤንዚን ሞተር ገጠሙባትና ሞንተሬይ ክሊፐር ተባለች። ፊሸርማንስ ዋርፍ በሚባለው የሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ላይ ጥቂቶቹ ዛሬም ታስረው ይታያሉ። የቤዝቦሉ ጀግና የጆ ዲማጅዮ አባት ጁዜፔ ከነዚህ አጥማጆች አንዱ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ዜግነት አላወጣህም፣ የጠላት አገር ሰው ነህ ተብሎ ወደ ወደቡ እንዳይደርስ ተከለከለ፤ ጀልባውም ተወሰደበት። ልጁ በአሜሪካ ሁሉ እየተጨበጨበለት አባትየው ባሕሩን እንዳያይ ተደረገ።

ያው ጦርነት ነው አሉሚኒየሙን ያመጣው። ከግሩማን አውሮፕላን ፋብሪካ ኃላፊዎች አንዱ የነበረው ዊልያም ሆፍማን በ1944 ለእረፍት ወጥቶ ከባድ የእንጨት ጀልባ ተሸክሞ ሲጓዝ፣ ለምን አውሮፕላኑን በምንሠራበት ብረት አንሠራትም አለ ይባላል። ጦርነቱ ሲያልቅ ኩባንያው የአሉሚኒየም ታንኳ ማምረት ጀመረ። የአውሮፕላን ክንፍ ሲያጣብቅ የኖረው ሠራተኛ በዚያው ሪቬትና በዚያው ስልት ጀልባ ይሠራ ገባ። ማቅለጫው ተርፏል፣ ብረቱ ረክሷል፣ ከፋብሪካ የሚመለሰው ሠራተኛ ደግሞ ቅዳሜ ዓሣ ማጥመድ ያምረዋል። እንጨቱን ከገበያ ያስወጣው ይህ ነው።

አሉሚኒየም ጥሩ ነው። ቀላል ነው፤ ትንሽ መኪና ይጎትተዋል። ድንጋይ ቢነካው ይጎደጉዳል እንጂ አይሰበርም። አይበሰብስም። ለዴልታው፣ ሳክራሜንቶና ሳን ዋኪን ወንዞች ለሚገናኙበት ጸጥ ያለ ውሃ፣ ከዚያ የተሻለ አላውቅም። የእኛ ችግር ሌላ ነው። በጋ ላይ የካሊፎርኒያ መሐል ሸለቆ ሲግል ከውቅያኖስ ቀዝቃዛ አየር በጎልደን ጌት በኩል ይስባል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይሻገራል። ያን ጊዜ ውሃው እየጎደለ ከሆነ ወደ ውጭ የሚፈሰው ውሃና ወደ ውስጥ የሚገባው ነፋስ ፊት ለፊት ይጋጠማሉ። አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ እረፍት የሌለው ማዕበል ይነሣል። ከበርክሌይና ከአላሜዳ ፊት ለፊት፣ ሃሊበት የምናጠምድበት ጠፍጣፋ ውሃ፣ የዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ነው። ቀላሏ ጀልባ እያንዳንዱን ማዕበል እየዘለለች ትወድቃለች፤ ሆዷ እንደ ከበሮ ይመታል። ከኦክላንድ እየመጣ አብሮኝ የሚያጠምድ ወጣት አለ። «ጋሼ፣ ይቺ ቆርቆሮ ታደርሰናለች?» ይለኛል። «ዝም ብለህ ውሃውን ቅዳ» እለዋለሁ፤ ሪቬቶቹ ላልተው ከሥር ውሃ ያስገቡ ነበርና።

ጨዉም አለ። አሉሚኒየም ለብቻው ጨው ውሃን ይችላል፤ ላዩ ላይ የሚሠራው ስስ ሽፋን ይጠብቀዋል። መዳብ ሲነካው ግን ጨው ውሃው መሐላቸው ኤሌክትሪክ ያስተላልፍና አሉሚኒየሙ ይበላል። በእርሱ ምትክ እንዲበላ ዚንክ የሚገጠመው ለዚህ ነው። የእኔዋ ጀርባ ላይ ሞተሩ የሚታሰርበትን ጣውላ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ቀይሮት ነበር፤ እንዳይበሰብስ በመዳብ መድኃኒት የታከመ እንጨት ነው የገጠመው። ብሎኑን ስፈታ ዙሪያው ነጭ ዱቄት ሆኖ ነበር። ብረቱን በመፍቻ ጫፍ ጫን ስለው ሾለከ። ያን ቀን ነው ለመሸጥ የቆረጥኩት።

ፋይበርግላስ የዚሁ ዘመን ልጅ ነው። የመስታወት ክር በብዛት ማምረት የተቻለው በ1930ዎቹ ኦሃዮ ውስጥ ነው፤ በ1942 ሬይ ግሪን በዚያው ግዛት ክሩን በፕላስቲክ ሙጫ ነክሮ ጀልባ ሠራ። ወደ ትልቅ ጀልባ የተሻገረው ደግሞ እዚሁ ነው። በ1956 ሳውሳሊቶ ላይ፣ ከጎልደን ጌት ድልድይ ማዶ፣ የኮልማን ፋብሪካ ባውንቲ ሁለት የተባለችውን 40 ጫማ የሸራ ጀልባ ከፋይበርግላስ በተከታታይ ማምረት ያዘ። ያን ያህል ትልቅ ጀልባ በዚህ ዕቃ በፋብሪካ ደረጃ ሲመረት የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ዓለምን የለወጠውም በዚህ ነው። ቅርጽ ማውጫው ውስጡ በሰም ይወለወላል፤ ኋላ የሚያብረቀርቀው ጄልኮት ይረጫል፤ የመስታወቱ ጨርቅ ተነጥፎ ከነዳጅ የሚወጣው ሬዚን ይቀባበታል፤ ማጠንከሪያው ሲገባበት ይግልና ይደርቃል። ሬድዉድ መርጦ ጣውላ የሚያጎብጥ አናጢ አያሻም። ከአንድ ቅርጽ ማውጫ ብዙ ጀልባ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ዕቃውን ገና ስላላመኑት አወፍረው ነው የሠሩት፤ ከዚያ ዘመን ብዙዎቹ ቀፎዎች ዛሬም ደህና ናቸው።

እኔም አዲስ አልገዛሁም። በ1980ዎቹ የተሠራች፣ ሆዷ ጥልቅ ቪ የሆነ፣ ከባድ ጀልባ ነው የመረጥኩት። እንዲህ ያለውን ሲገዙ የሚታየው ፋይበርግላሱ አይደለም፤ ውስጡ የተደበቀው እንጨት ነው። የፕላስቲክ መዶሻ ይዤ ጀርባዋን ጣት በጣት መታሁ። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ድፍን ይላል። ከሞተሩ በታች ድፍን አለ። ዋጋው ላይ ከሻጩ ጋር ተስማማንና እኔና ያ ወጣት ራሳችን ቀየርነው፤ ቅርፊቱን ከውስጥ ቆርጠን፣ የሻገተውን ፕላይዉድ በማንኪያ ጠርገን፣ አዲስ ጣውላ በሬዚን ነክረን። ሽታው ከልብስ ለመውጣት ሳምንት ይፈጃል፤ ጭንብል ሳይደረግ አይነካም። አሁን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉን ትቆርጠዋለች፤ ጉልበቴም ወገቤም ያውቁታል።

ግን የሚያሳስበኝን ልናገር። ታንኳው አፈር ይሆናል። ጃንኩ ይበሰብሳል። ቆርቆሮዋ ቢያልቅላት በኪሎ ተሽጣ ትቀልጣለች። ፋይበርግላስ ግን መስታወቱና ሬዚኑ ከተጣበቁ በኋላ መልሶ የሚለያያቸው ርካሽ መንገድ የለም። ኦክላንድና አላሜዳ መሐል ያለው የውሃ መስመር ባለቤት የጠፋባቸው ጀልባዎች መስጠሚያ ሆኖ ኖሯል፤ በ2013 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከሌሎች ጋር ሆኖ የሰጠሙትን ማውጣት ነበረበት። ካሊፎርኒያ ከ2010 ጀምሮ ሰው ያረጀ ጀልባውን በፈቃዱ የሚያስረክብበት ፕሮግራም ዘርግታለች፤ ከዚያ በኋላ ግን የጀልባዎቹ መጨረሻ ብዙውን ጊዜ ተፈጭቶ መቀበር ነው። ውሃው ደግሞ ሌላ ሸክም መሸከም አይችልም። በ2022 ነሐሴ አልጌ ፈልቶ ስንት ዓመት የኖሩ ስተርጀኖች ዳር ላይ ሞተው ተጣሉ፤ በሜሪት ሐይቅም ዓሣው ረገፈ። ከሳን ሆዜ በላይ ካለው የኒው አልማደን ማዕድን በጓዳሉፔ ወንዝ የወረደው ሜርኩሪ ዛሬም ጭቃው ውስጥ አለ፤ ለልጆች ስትራይፕድ ባስ እንዳናበላ የምንመከረው በእርሱ ነው።

ስለዚህ ያለውን ቀፎ ማቆየት እንጂ ሌላ አዲስ ማስፈሰስ አልፈለግሁም። ቆርቆሮዋን ዴልታው ላይ የሚያጠምድ ሰው ገዛት፤ የተበላውን ቦታ አሳይቼዋለሁ፤ በአሉሚኒየም በየዳ ይደፈናል። ይህችኛዋ ከእኔ ዕድሜ ትረዝማለች። ከኦክላንድ የሚመጣው ወጣት ፕላይዉዱን ስንቀይር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሮኝ ስለነበረ የት የት እንደተከፈተችና እንደተዘጋች ያውቃል። ስናስመዘግባት ወረቀቱን በሁለታችን ስም አደረግነው።