«ጌም ያጫውታል?»

ሊኑክስን የሚያወድስ ጓደኛ ያለው ሰው ይህን ክርክር ያውቀዋል። ጓደኛችን ስለ ነፃነት ይሰብካል። ገንዘብ አይከፈልበትም ይላል፣ ቫይረስ እንደ ልቡ አይገባበትም ይላል፣ የውስጡን ኮድ ማንም ገልጦ ማየት ይችላል ይላል። (እኛ ሰፈር ዊንዶውሱም በፍላሽ እየተገለበጠ ስለሚዞር «ነፃ» የሚለው ቃል ብዙም አያስደንቀንም፤ ቢሆንም በጨዋነት እንሰማዋለን።) ሲጨርስ አንዲት ጥያቄ ጣል እናደርጋለን፦ «ጌም ያጫውታል?» ሰባኪው ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ለብዙ ዓመታት ክርክሩ እዚችው ላይ ያልቅ ነበር። አሁን አያልቅም። በመካከሉ ምን እንደተፈጠረ ስናገላብጥ ያገኘነው ታሪክ የጌም ብቻ አልሆነም፤ በገዛ ኮምፒውተራችን ላይ አዛዡ ማነው የሚለውንም ይነካል። ስለዚህ እንጻፈው አልን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየሠራ መሆኑን ሲያስታውቅ፣ ነገሩ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ እንደሆነ ተናግሮ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ጌም መጣ። የዘመኑን ዝነኛ ጌም «ዱም»ን የሠራው የአሜሪካው ኢድ ሶፍትዌር ውስጥ ዴቭ ቴይለር የሚባል ፕሮግራመር ነበር። እሱ በ1994 ጌሙን ወደ ሊኑክስ መለሰው። ለገበያ ተብሎ የተሠራ አልነበረም፤ ሰውየው ሊኑክስን ይወድ ስለነበረ ነው። ኩባንያው በ1997 መጨረሻ የዱምን ኮድ ለሕዝብ ሲለቅ የለቀቀው የሊኑክሱን ነበር። በዶሱ ቅጂ ውስጥ ያለው የድምፅ ክፍል የሌሎች ንብረት ስለነበረ እሱን መልቀቅ አልተቻለም።

ግን አንድ ሰው ስለወደደ የሚሠራ ነገር ገበያ አይሆንም። ገበያ ለማድረግ የተነሣው ስኮት ድሬከር ነው። በ1998 ካሊፎርኒያ ውስጥ «ሎኪ ሶፍትዌር» የሚባል ኩባንያ አቋቋመ። የሎኪ አሠራር ቀላል ነው። የዊንዶውስ ጌም ካላቸው ኩባንያዎች ፈቃድ ይገዛል፣ ኮዱን ተቀብሎ ለሊኑክስ ያስተካክላል፣ በራሱ ሳጥን አሽጎ ይሸጣል። በ1999 በ«ሲቪላይዜሽን፦ ኮል ቱ ፓወር» ጀመረ። ከዚያ «ኩዌክ 3»፣ «ሲምሲቲ 3000»፣ «ሂሮስ 3» እያለ ቀጠለ። ሥራቸው ጥሩ እንደነበር የተጫወቱት ሁሉ ይመሰክራሉ።

አልሸጠም። ምክንያቱን ለመረዳት የምጣኔ ሀብት ምሁር መሆን አያስፈልግም። ጌሙ በዊንዶውስ ወጥቶ ወራት ካለፉ በኋላ ነው ለሊኑክስ የሚደርሰው። ጌም የሚወደው የሊኑክስ ተጠቃሚ ደግሞ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስም አለው፤ የወራት ትዕግሥት የለውም። ገዝቶ፣ ተጫውቶ፣ ጨርሶ ከጠገበ በኋላ ሎኪ «መጣሁልህ» ይለዋል። ስንቱ ለአንድ ጌም ሁለት ጊዜ ይከፍላል? ኩባንያው በነሐሴ 2001 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ በጥር 2002 ተዘጋ።

ከሎኪ ፍርስራሽ ውስጥ ግን የዳነ ነገር አለ። ዋና ፕሮግራመሩ ሳም ላንቲንጋ «ኤስዲኤል» የሚባል መሣሪያ ጽፎ ነበር። ጌም ሠሪው መስኮት ለመክፈት፣ ድምፅ ለማሰማት፣ የቁልፍ ሰሌዳውን ለማንበብ በየሲስተሙ ዓይነት እንዳይደክም የሚያደርግ ነው። ኤስዲኤል ኩባንያውን ቀብሮ እስከ ዛሬ ይሠራል። ላንቲንጋን ወደፊት እናገኘዋለን።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በባዕድ ቋንቋ የተጻፈን መጽሐፍ ለአንባቢ ለማድረስ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቁጭ ብሎ መተርጎምና ማሳተም ነው፤ ሎኪ ያደረገው ይህንን ነው። ሁለተኛው አንባቢው አጠገብ አስተርጓሚ አስቀምጦ ዋናውን መጽሐፍ በቀጥታ ማስነበብ ነው። ይህን ሁለተኛ መንገድ በ1993 «ወይን» የሚባል ፕሮጀክት ጀምሮት ነበር። የዊንዶውስ ፕሮግራም ሲነሣ «ይህን ፋይል ክፈትልኝ፣ ይህን ሥዕል ሣልልኝ» እያለ ዊንዶውስን ይጠይቃል። ወይን መሐል ገብቶ ጥያቄውን ይቀበልና በሊኑክስ ቋንቋ ያስፈጽማል። ፕሮግራሙ ዊንዶውስ የሌለበት ቤት ውስጥ መሆኑን አያውቅም።

ሲያወሩት ይቀላል። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን ኮድ ስለማያሳይ የወይን ሰዎች እያንዳንዱን መልስ ከውጭ እያዩ መገመት ነበረባቸው። ከ1994 ጀምሮ ሥራውን የሚመራው አሌክሳንደር ዡሊያር ነው። «ስሪት 1.0» ብለው ለማውጣት የደፈሩት በ2008 ነው። አሥራ አምስት ዓመት!

የሚገርመው ታዲያ፣ ከሊኑክስ ወዳጆች መካከል ይህን ድካም በክፉ ዓይን የሚያዩት ብዙ ነበሩ። አስተርጓሚ ካለ ማን ይተረጉምልናል? ጌም ሠሪዎቹ «ወይን አላችሁ አይደል?» ብለው ይተዉናል ባዮች ነበሩ። ፔንግዊኑ (የሊኑክስ ምልክት) ከሌለበት ገንዘባችንን አናወጣም የሚል መፈክርም ነበራቸው። አፋቸው ላይ ብቻም አልነበረም። በ2010 «ሀምብል ኢንዲ ባንድል» የሚባለው ሽያጭ ጥቂት ጌሞችን አቅርቦ የፈለጋችሁትን ክፈሉ ሲል፣ በአማካይ ከዊንዶውስ ተጠቃሚዎች አብልጠው የከፈሉት የሊኑክሶቹ ነበሩ። ነፃ ሶፍትዌር የሚወድ ሰው ገንዘብ አይከፍልም የሚለው ሐሜት እዚያ ላይ ውድቅ ሆነ።

ዋናው ለውጥ የመጣው ግን ከፍቅርም ከመፈክርም አይደለም። ከፍርሃት ነው። ማይክሮሶፍት በ2012 ዊንዶውስ 8ን ሲያወጣ በውስጡ የራሱን ሱቅ አስገባ። ትልቁን የኮምፒውተር ጌም መደብር «ስቲም»ን የያዘው የቫልቭ አለቃ ጌብ ኒውዌል ቀደም ሲል ራሱ የማይክሮሶፍት ሠራተኛ ነበር። አዲሱ ዊንዶውስ ለኢንዱስትሪው ሁሉ መቅሰፍት ነው ሲል በዚያው ዓመት በአደባባይ ተናገረ። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ባለቤትየው በሩን አንድ ቀን ከዘጋው፣ የሰው ግቢ ውስጥ ሱቅ የከፈተ ሰው የት ይገባል? ቫልቭ ማምለጫ በር ፈለገ፤ ባለቤት የሌለው ግቢ ደግሞ ሊኑክስ ብቻ ነበር። ያን ዓመት ከቀጠራቸው አንዱ ያ የሎኪው ሳም ላንቲንጋ ነው። ስቲም በየካቲት 2013 በይፋ ሊኑክስ ላይ ወጣ።

መጀመሪያ የተያያዙት የሎኪን መንገድ ነው፤ ጌም ሠሪዎች ሥራቸውን ወደ ሊኑክስ እንዲመልሱ ማግባባት። በኅዳር 2015 «ስቲም ማሽን» የተባሉ ኮምፒውተሮች ገበያ ወጡ። ወደቁ። ሰው የሚፈልጋቸው ትልልቅ ጌሞች አልነበሩባቸውም፤ የነበሩትም በዊንዶውስ ላይ ይሻሉ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ቫልቭ ወደ አስተርጓሚው የዞረው። ጊዜውም የተመቸ ነበር። «ቩልካን» የሚባለው አዲስ የግራፊክስ ቋንቋ በ2016 ወጥቷል። በ2017 ፊሊፕ ሬቦህሌ የተባለ ጀርመናዊ ፕሮግራመር «ኒር ኦቶማታ» የሚባለውን ጌም በሊኑክስ መጫወት ፈልጎ፣ የዊንዶውስን የግራፊክስ ትእዛዝ ወደ ቩልካን የሚተረጉም «ዲኤክስቪኬ» የሚባል ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። አንድ ጌም ለመጫወት ሲባል! ቫልቭ ሰውየውን ሥራ ላይ አዋለው። ወይንና ዲኤክስቪኬ ተጋግዘው «ፕሮቶን» በሚል ስም በነሐሴ 2018 ስቲም ውስጥ ገቡ። በመጀመሪያው ቀን የተፈቀደላቸው ጌሞች 27 ብቻ ነበሩ፤ ባለቤቱ ከፈለገ ግን ሌላውንም መሞከር ይችላል። በየካቲት 2022 በእጅ የሚያዘው «ስቲም ዴክ» ከ399 ዶላር ጀምሮ ሲሸጥ፣ ሊኑክስ ላይ ተቀምጦ የዊንዶውስ ጌም የሚጫወት ሰው በዛ። ብዙዎቹ ሊኑክስ መሆኑን ልብ አላሉትም፤ ልብ ማለትም አላስፈለጋቸውም። በጥቅምት 2025 የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ሲቆም፣ የስቲም የራሱ ቆጠራ የሊኑክስን ድርሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ3 በመቶ በላይ አሳየ። ትንሽ ነው፤ ግን ለዓመታት አንድ በመቶ ገደማ ላይ ሲንፏቀቅ ለኖረ ቁጥር ትንሽ አይደለም።

እንግዲህ ፈሪዎቹ ትክክል ነበሩ እንበል? በከፊል፣ አዎ። ለሊኑክስ ብለው ይሠሩ ከነበሩት አንዳንዶቹ «ፕሮቶን ይበቃችኋል» ብለው ትተዋል። በሌላ በኩል ሎኪ ያን ያህል ለፍቶ የመለሳቸው ጌሞች፣ በየዓመቱ በሚለዋወጠው ሊኑክስ ላይ ዛሬ ያለ ጥገና አይነሡም። የዚያኑ ዘመን የዊንዶውስ ሲዲ ግን ወይን ብዙውን ጊዜ ያስነሣዋል። ሊኑክስ ላይ የማይለወጠው ነገር ዊንዶውስ ብቻ ነው እያሉ ይቀልዳሉ። ከቀልዱ ይልቅ እኛን ያሳሰበን፣ ይህ ሁሉ ነፃነት የአንድ ነጋዴ ኩባንያ ደመወዝ ላይ መቆሙ ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ቫልቭ ነገ ቢሄድ ሥራው አይጠፋም፤ ሠራተኛው ግን ይበተናል።

አስተርጓሚ የማያልፈው አንድ በርም ቀርቷል። በኢንተርኔት ሰው ከሰው የሚገጥምባቸው ጌሞች አጭበርባሪ የሚጠብቅ ፕሮግራም አላቸው። አንዳንዱ ጠባቂ የኮምፒውተሩ እምብርት ድረስ ገብቶ ካልተቀመጠ አላምንም ይላል። ዊንዶውስ ላይ ያስገቡታል። ሊኑክስ ላይ ግን እምብርቱ የባለቤቱ ነው፤ ከፈለገ ይለውጠዋል፣ ጠባቂውንም ሊያታልለው ይችላል። ስለዚህ «ፎርትናይት» አልመጣም። «ኤፔክስ ሌጀንድስ» ስቲም ዴክ ላይ ሲሠራ ከቆየ በኋላ፣ ሊኑክስ የአጭበርባሪዎች መግቢያ ሆኗል ተብሎ በጥቅምት 2024 ተዘጋ። በታማኝነት ይጫወት የነበረውም አብሮ ተባረረ። ሰባኪው ጓደኛችን የተመካበት ነፃነት እዚህ ላይ ራሱ ክስ ሆነበት።

አሁንም «ጌም ያጫውታል?» እንለዋለን። ጉሮሮውን አይጠርግም። «የትኛውን?» ይለናል።